ሶሌታ ጣሪያና ሰፊ መስኮት፦ የጃንሆይ ዘመን ቪላ የሐይቅና የአምባሰልን ነጋዴ ያዋጣዋል?

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ ሐይቅና ውጫሌ ያሳደጓቸው ነጋዴዎች እጃቸው ላይ ጥቂት ገንዘብ ሲጠራቀም ዓይናቸው ከሦስት ቦታ በአንዱ ያርፋል። አንዱ እዚያው ከተማቸው ውስጥ መንገድ ዳር ያለ ይዞታ ነው። ሁለተኛው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ፣ ሦስተኛው ደግሞ አዲስ አበባ ነው። በተለይ ወደ አዲስ አበባ የወጣውን ደላላ ሳያሳየው የማያልፈው አንድ ዓይነት ቤት አለ፤ በጃንሆይ ዘመን የተሠራ፣ ግቢው ሰፊ፣ ጣሪያው ጠፍጣፋ ወይም ተዳፋትነቱ እምብዛም የማይታይ፣ የሳሎኑ መስኮት ከወለል ተነስቶ ኮርኒስ የሚነካ ቪላ። ደላላውም ሁልጊዜ የሚላት ነገር አለችው፤ "ሐጂ፣ ቤቱን ይተዉት፤ ቦታውን ይዩት።"

ይህች ምክር ግማሿ እውነት ናት። ገበያው ዋጋ የሚሰጠው ለካሬ ሜትሩና ለመንገዱ ቅርበት እንጂ ለግድግዳው አይደለም። ሌላው ግማሽ ግን ገዢን የምታከስር ናት። ሕጉን ያየ እንደሚያውቀው በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የሚለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሻጭና ገዢ ውል ሲፈራረሙ በወረቀቱ ላይ የሚሸጠው ቤቱ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር ሕጉ ቤቱን እንጂ ቦታውን አያይም፤ ገበያው ቦታውን እንጂ ቤቱን አያይም። በሁለቱ መካከል የቆመው ቪላ በወረቀት ሁሉም ነገር፣ በገበያ ግን ምንም ሆኖ ይገኛል። ደላላውን ሰምቶ ስሙ ሳይዛወር ግሬደር ያስገባ ገዢ፣ በሕግ ዓይን ገንዘብ የከፈለበትን ንብረት በገዛ እጁ እንዳፈረሰ ይቆጠራል።

የቤቱ ዓይነት ከየት እንደመጣ በአጭሩ ማስታወስ ይጠቅማል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በተለይም ከ1940ዎቹ ማብቂያ እስከ 1966 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት አዲስ አበባ በአርማታና በመስታወት መሥራትን ተማረች። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ የነደፈው ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነበር። ፈረንሳዊው ሄንሪ ሾሜት ክቡን የንግድ ባንክ ሕንፃ ነደፈ። እስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭ ከሚካኤል ቴድሮስ ጋር ሆኖ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ጨምሮ በርካታ ሥራዎችን ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በኋላ የሕንፃ ኮሌጅ በሚል ስም የታወቀው፣ በአዲስ አበባ ተከፍቶ የአገሩን ልጆች ማስተማር ጀመረ። እነዚህ ሰዎችና እነርሱን ያዩ ተቋራጮች በታላላቅ ሕንፃዎች ላይ የሠሩበት አሠራር ወደ መኖሪያ ቤትም ወረደ። በቦሌ፣ በአሮጌው ኤርፖርትና በመሳሰሉት ሠፈሮች የቆሙት ቪላዎች የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው።

ወደ ሐይቅና አምባሰል የመጣው የዚህ ዘመን ቤት ግን ሌላ ነው። የአዲስ አበባ–ደሴ–አስመራን መንገድ ጣሊያኖች በወረራው ዓመታት ዘርግተውት ሄዱ፤ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም አደሰው። መንገዱ ያቆማቸው ከተሞች ዘመናዊነትን የተቀበሉት በመንገዱ አቅም ነው፤ ፊት ለፊቱ ሱቅ፣ ኋላው መኖሪያ፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከፊት በረንዳ፣ ወለሉ ስሚንቶ፣ መስኮቱ ባለ መስታወት። ግድግዳው ግን ብዙውን ጊዜ የባሕር ዛፍ ማገር ያለበት ጭቃ ሆኖ በላዩ ላይ ስሚንቶ ይለሰናል። ሰው ሲያየው ብሎኬት ይመስለዋል። ይህን ከእውነተኛው የድንጋይና የአርማታ ቤት ለይቶ ማወቅ የገዢው የመጀመሪያ ሥራ ነው። ስሚንቶና ጭቃ አይዋደዱም፤ ጭቃው እርጥበት ሲስብና ሲደርቅ እየሰፋ ይጠባል፣ ልስኑ ግን አብሮት አይሄድም። መጀመሪያ ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎ በየቦታው ይነፋል፣ በመጨረሻ ይረግፋል። ውስጡ ያለውን ማገር ምስጥ ቢበላው እንኳ ልስኑ ደብቆት ይከርማል። በጣት መታ መታ አድርጎ ድምፁን የሚያዳምጥ ገዢ ቢሳቅበትም አይጎዳም፤ ኦና የሚሰማ ግድግዳ የውሸት ግድግዳ ነው።

የእውነተኛው ቪላ ማራኪነት ግን በደላላ ቋንቋ የማይነገር ነው። አንደኛ ብርሃን አለው። በዛሬው አሠራር ሦስት መኝታ ቤት በጠባብ ወለል ላይ ሲደረደር መሐል ያለው ኮሪደር ቀን በቀን መብራት ይፈልጋል። በቀድሞው ቪላ ሳሎንና መመገቢያ አንድ ላይ ተያይዘው ወደ አትክልቱ ይከፈታሉ፤ ሠርግ ሲኖር፣ ሐዘን ሲደርስ፣ ዘመድ ከአምባሰል ሲመጣ ድንኳን ሳይተከል ሰው ይይዛሉ። ሁለተኛ ግንቡ ወፍራም ነው። ጥርብ ድንጋይ የቀኑን ሙቀት ውጦ ሌሊት ይመልሳል። ቁም ሳጥኑ በግድግዳው ውስጥ ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ወለሉ ቴራዞ ወይም ፓርኬ ነው፤ ተወልውሎ የማያልቅ ዕቃ። ግቢው ውስጥ ሰርቪስ አለ፣ መኪና ማቆሚያ አለ፣ ለልጅ መሮጫ አለ። ከሁሉም በላይ ጥላ አለው፤ የጣሪያው ክፈፍ አንድ ሜትርም ከዚያም በላይ ወጣ ብሎ መስኮቱን ከቀትር ፀሐይና ከዝናብ ይከልለዋል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዛሬ በክልል ከተሞች መንገድ ዳር የሚቆመው ባለ ፎቅ የጣለው ይህንኑ ነው። የዘመኑ ባለሀብት ከቀድሞው ቤት ሰፊውን መስታወት ወሰደ፤ ክፈፉን፣ በረንዳውንና የድንጋዩን ውፍረት ግን ትቶ አለፈ። ሰማያዊ መስታወት ወደ ምዕራብ አዙሮ ያለ ጥላ አቆመ። ውጤቱ ከሰዓት በኋላ ባለሱቁ መጋረጃ የሚያወርድበት፣ ከመጋረጃው ኋላ ደግሞ አምፖል የሚያበራበት ሕንፃ ነው። ፀሐይን በገንዘብ ገዝቶ በገንዘብ መከልከል ማለት ይህ ነው።

ይሁንና የቀድሞውን ቤት የሚያወድሱ ወገኖች ኖረውበት የሚያውቁ ካልሆኑ ቃላቸውን ከግማሽ በላይ ማመን አይገባም። ቤቱ ሲነደፍ በፈረንጅ አገርም ችግር እንደነበረው የታወቀ ነው። ታዋቂው ሚስ ቫን ደር ሮህ በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ለሐኪሟ ኢዲት ፋርንስዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1951 የጨረሰው ቤት አራቱም ወገኑ መስታወት ነበር። በበጋ ሙቀቱ፣ በክረምት ብርዱ አስቸገራት፤ በወጪው ጉዳይም ከነዳፊው ጋር ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተካሰሱ። በካሊፎርኒያ ጆሴፍ አይክለር የተባለው ባለሀብት ለመካከለኛው ኑሮ ሰው ከ10 ሺህ በላይ እንዲህ ዓይነት ቤቶችን ሠርቶ ሸጧል፤ ዛሬ በከፍተኛ ዋጋ የሚፈለጉ ቢሆኑም ባለቤቶቻቸው ስለ ጠፍጣፋው ጣሪያና በወለሉ ውስጥ ስለተቀበሩት የሙቅ ውኃ ቧንቧዎች ማማረር አልተዉም። እዚያ ግን አንድ ነገር አለ፤ ገበያው ቤቱን እንደ ቤት ይተምነዋል። እድሳት የገባበት ከማይታደሰው የበለጠ ያወጣል። እዚህ አገር ሁለቱም አንድ ዋጋ ናቸው።

ከጉድለቶቹ ሁሉ ራሱ ጣሪያው ነው። ሶሌታ ጣሪያ ዝናብ እምብዛም ለማይጥልበት አገር የተፈጠረ ይመስላል፤ የወሎ ሐምሌና ነሐሴ ግን ቀልድ አያውቁም። ውኃው በሶሌታው ላይ ይተኛል፤ የአሸንዳው አፍ በባሕር ዛፍ ቅጠል ሲደፈን ደግሞ ኩሬ ይሆናል። ከሃምሳና ስልሳ ዓመት በፊት የተቀባው ሬንጅ በቀን ፀሐይ እየለሰለሰ በሌሊት ብርድ እየደረቀ ተሰነጣጥቋል። ባለቤቱ በየክረምቱ ዋዜማ ሌላ ሬንጅ ይደርብበታል። ውኃው ወደ ታች የሚወርደው በሰነጠቀው ቦታ ትይዩ አይደለም፤ በፌሮው እየተመራ ሄዶ ሌላ ክፍል ውስጥ ይንጠባጠባል፤ በዚህ ምክንያት የሚያፈሰውን ቦታ ማግኘት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ጉዳቱ የኮርኒስ ቀለም መበላሸት ቢሆን ባልከፋ። ፌሮው ከዛገ ግን ያብጣል፤ ሲያብጥ የሥረኛውን ስሚንቶ ይገፋዋል፤ ቁርጥራጩ መውደቅ ሲጀምር ነገሩ የቀለም ሳይሆን የመሐንዲስ ጉዳይ ሆኗል። ብዙ ባለቤቶች በመጨረሻ ያገኙት መላ በሶሌታው ላይ የእንጨት ወይም የብረት ወራጅ ደርድሮ ቆርቆሮ ማልበስ ነው። ነዳፊዎቹ ቢያዩት ያዝኑ ነበር፤ ቤት ውስጥ የሚኖረው ሰው ግን ደረቅ አልጋ ላይ ያድራል። መልኩ ያበላሻል ብሎ ይህን የሚቃወም ካለ በነሐሴ አንድ ሌሊት አድሮ ይሞክረው።

ብርዱ ቀጥሎ ይመጣል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባም በዚያው አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸው። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ሰፊው መስታወት አንድ ንብርብር ነው፤ ያቀፈውም ቀጭን ብረት ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ሳሎኑ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት በዚያው መስታወት ይሸኛል። ጠዋት ከመስኮቱ ሥር የሚገኘው ውኃ የፈሰሰ ሳይሆን ከውስጥ እስትንፋስ የጠለለ ነው፤ ብረቱን የሚያዝገውም እርሱ ነው። ሐይቅ ከተማ በዚህ በኩል ዕድለኛ ናት። ወደ 2 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሌሊቷ የደሴን ያህል አይበርድም። ወደ ሐይቁ የሚከፈት ሰፊ መስኮት የትም ቦታ ትርጉም ቢያጣ በእርሷ ትርጉም አለው፤ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን አቅጣጫ እያዩ ቡና መጠጣት ለዋጋ የሚቀርብ ነገር ነው። የሐይቁ ዳር ቦታ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ሐይቁ በግልጽ የሚታይ መውጫ ወንዝ ስለሌለው ዳርቻው ሲሞላም ሲጎድልም ይኖራል፤ መሠረቱ እርጥበት የሚስብ ቤት ደግሞ ወለሉ መቼም አይደርቅም።

ቧንቧና ሽቦ በአጭሩ ይታለፉ፤ ሁለቱም አልቀዋል ብሎ መግዛት ነው። የብረት ቧንቧው ከውስጥ በዝገት ጠቦ ውኃው እንደ ክር ይወርዳል። ሽቦው የተዘረጋው ለጥቂት አምፖልና ለአንድ ሬዲዮ ነበር፤ ዛሬ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3 እና 4 ኪሎ ዋት ይስባል። በዚያ ላይ ምድጃ፣ የሻወር ውኃ ማሞቂያና የልብስ ማጠቢያ ሲጨመርበት ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ሽቦ ይሞቃል። ሻጩ "ሃምሳ ዓመት ሙሉ ምንም ሳይሆን ኖሯል" ሲል እውነቱን ነው፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ግን እንጀራ የሚጋገረው ማዕድ ቤት በእንጨት ነበር።

ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ደላላ አያወራም፤ የወሎ ሰው ግን ሊጠይቅ ይገባዋል። የአምባሰል ተራሮች የስምጥ ሸለቆው ዳር ናቸው። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሶ በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይም ጉዳት አድርሷል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ ዙሪያ ለሳምንታት የቀጠለው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ሰውን ከፎቅ አስወርዷል። አገሪቱ መንቀጥቀጥን ያሰላ የሕንፃ ኮድ ያወጣችው ከእነዚህ ቪላዎች በኋላ ነው። ይህ ማለት ሁሉም ደካማ ናቸው ማለት አይደለም፤ ባለ አንድ ፎቅ፣ መሠረቱ የተነጠፈ ድንጋይ ቤት ካለ ቁጥጥር ከተሠራ ባለ አምስት ፎቅ የተሻለ ሊቆም ይችላል። አሳሳቢዎቹ ከሥር መኪና ማቆሚያ እንዲሆን በቀጫጭን ኮሎን ላይ የተንጠለጠሉት ናቸው። ከላይ ከባድ፣ ከሥር ባዶ የሆነ ቤት ሲወዛወዝ የሚሰበረው እግሩ ነው። በየዓመቱ በላዩ ላይ የተከመረው ሬንጅና ውኃ የተሞላው ሮቶ ሸክሙን ያብሱበታል።

ሌላው የወረቀቱ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ የአምባሰል ነጋዴ ከማንም ይበልጥ ጠንቃቃ እንዲሆን የአገሩ ታሪክ ያስገድደዋል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመው ውል በአማርኛ አንድ ነገር፣ በጣልያንኛ ሌላ ነገር ይል ነበር፤ በ17ኛው አንቀጽ ላይ በተነሳው የ"ይቻላል" እና የ"ግድ ነው" ልዩነት የተነሳ አገር ጦርነት ገባ። በዘመናችንም የቤት ውል ሁለት ቋንቋ አለው። አንዱ ለመዝጋቢው የሚቀርበው ዝቅተኛ ዋጋ፣ ሌላው በእጅ የሚቆጠረው እውነተኛ ዋጋ ነው። ውሉ አንድ ቀን ቢፈርስ ፍርድ ቤት የሚያውቀው የተጻፈውን ነው፤ ግብር ለማትረፍ የተጻፈው ቁጥር ያን ጊዜ በገዢው ላይ ይዞራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሹም ፊት እንዲደረግ ያዘዘው በከንቱ አይደለም። ካፌ ውስጥ በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ለእርቅ ይጠቅም ይሆናል፤ ለቤት ግን አይበቃም።

በጃንሆይ ዘመን ቪላ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፤ ቤቱ በ1967 ዓ.ም. የት ነበር? በዚያ ዓመት ሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን በሙሉና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ቀረ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ገቡ። ደህና ደህና ቪላዎች የወደቁት በሁለተኛው ወገን ነው፤ ዛሬ በፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ሥር ያሉት የዚያ ውርስ ናቸው። የባለቤቱ መኖሪያ ሆኖ የቀረውም ቢሆን በውርስ ለአምስትና ለስድስት ልጆች ተላልፎ፣ ከእነርሱ ሁለቱ ዋሽንግተን፣ አንዱ ጅዳ ይሆናሉ። የአንዱ ፊርማ ከጎደለ ሽያጩ ጎደሎ ነው። በሐይቅና በውጫሌም ቢሆን መንገድ ዳር ያለ አንድ ረድፍ ቤት በመካከሉ የቀበሌ ክፍል ተሰንቅሮበት፣ ግድግዳም ጣሪያም በጋራ ሆኖ ቢገኝ አያስገርምም። ቤቱን የገዛ ሰው የጎረቤቱን ግድግዳ ሳይነካ የራሱን ማፍረስ አይችልም።

"ነባር ይዞታ ነው፣ ሊዝ የለበትም" የሚለው የደላላ ቃልም መመርመር አለበት። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ተቀባዩ ቦታውን በሊዝ ሥሪት እንደሚይዝ ደንግጓል። ነባርነቱ የሻጩ እንጂ የገዢው አይደለም ማለት ነው። ክፍያው በየከተማው ስለሚለያይ ቀብድ ከመስጠት በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄዶ መጠየቅ ያዋጣል። ከዚህ ላይ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ሲጨመር ሰፊ ግቢ ያለው ቪላ እንደ ቀድሞው በነጻ የሚያዝ ንብረት እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ታዲያ ሒሳቡ ምን ይላል? ቁጥሩ ለስሌት ብቻ ተወስዶ፣ 500 ካሬ ሜትር ላይ ያለ ቪላ በ12 ሚሊዮን ብር ቀረበ እንበል። ቤቱ ፈራርሶ ያለቀበት ተመሳሳይ ይዞታም በዚያው ሠፈር 12 ሚሊዮን ብር ይጠየቅበታል። ስለዚህ ገበያው ለቤቱ የሰጠው ዋጋ ዜሮ ነው። ጣሪያውን አልብሶ፣ ቧንቧና ሽቦውን ቀይሮ፣ የዛገውን መስኮት አስተካክሎ ለመግባት 3 ሚሊዮን ብር ቢፈጅ፣ አፍርሶ ያንኑ ስፋት ለመገንባት ደግሞ 9 ሚሊዮን ብር ቢጠይቅ፣ ሊኖርበት የሚገዛው ሰው 6 ሚሊዮን ብር ያተርፋል። ይህ ልዩነት ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ የበለጠ ሰፍቷል። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲያልፍ አልሙኒየም፣ መስታወት፣ ሴራሚክና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ከውጭ የሚመጡ በመሆናቸው አብረው ወጡ። አሮጌው ቪላ ግን ድንጋዩም፣ ቴራዞውም፣ የወይራና የዝግባ በሩም ተከፍሎባቸው ያለቁ ናቸው።

ስሌቱ የሚሠራው ግን ለሚኖርበት ሰው ብቻ ነው። ለኪራይ የሚገዛው ነጋዴ ሌላ ነገር ያያል። ቪላ አንድ ተከራይ ነው የሚይዘው፤ ተከራዩ የወጣ ቀን ገቢው ባዶ ነው። ቀድሞ የውጭ ድርጅቶችና ኤምባሲዎች ተሻምተው የሚይዙት ቤት ዛሬ ሕፃናት ማቆያ፣ ክሊኒክ፣ ምግብ ቤት ወይም የእንግዳ ማረፊያ ካልሆነ ሙሉ ኪራዩን አያወጣም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ደግሞ ኪራይ እንደልብ መጨመርንም ሆነ ተከራይን በፈለጉ ጊዜ ማስወጣትን ገድቧል። ለሱቅ የሚገዛውም ቢሆን ይከብደዋል፤ ቪላው ከመንገዱ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ፣ ፊቱን ለአትክልት ሰጥቶ የተሠራ ነው። ለገበያ ጀርባውን የሰጠ ቤት ነው ቢባል ያስኬዳል። ዓላማው ምድር ቤቱን ለስድስት ሱቅ መክፈል የሆነ ሰው ቪላ ገዝቶ ከሚያበላሽ ሌላ ቦታ ቢፈልግ ለእርሱም ለቤቱም ይሻላል።

አፍርሶ መሥራትም እንደሚባለው የተረጋገጠ መንገድ አይደለም። የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በፒያሳና በካዛንቺስ ያለፈበትን ያየ ሰው መንገድ ዳር ያለ ንብረት ዕድሜው በፕላን እንደሚወሰን ተረድቷል፤ ሥራው ወደ ክልል ከተሞችም ወርዷል። የሐይቅና የውጫሌ ሰው ከዚህ ሌላ የሚያውቀውም ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ በዚያ መንገድ ሲያልፍ የንግድ ቤት ተዘርፏል፣ ንብረት ወድሟል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የተነሳው ግጭትም የስሚንቶና የብረት ማጓጓዣን አስቸጋሪ አድርጓል። ግንባታ ጀምሮ በፌሮ የቀረ ሰው ኪራይም መኖሪያም የለውም። የቆመ ቤት ያለው ግን ቢያንስ ገብቶ ያድራል። ገንዘቡን በደሴና በአዲስ አበባ በትኖ ለማስቀመጥ የሚፈልግ የአምባሰል ነጋዴ ቪላን ሲመርጥ ስለ ውበቱ ሳይሆን ስለዚህ ብሎ ቢሆንም የሚነቀፍ አይደለም።

ለመግዛት የቆረጠ ሰው ጊዜውን ቢመርጥ ይሻለዋል። ሻጮች ቤት የሚያሳዩት በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ አትክልቱ አብቦ፣ ኮርኒሱ አዲስ ነጭ ቀለም ተቀብቶ። ኮርኒስ ብቻ ተቀብቶ ግድግዳው ካልተቀባ ምክንያቱን መጠየቅ ነው። ቤት የሚታየው በሐምሌ መጨረሻ፣ ለሦስት ቀን ሳያቋርጥ ከዘነበ በኋላ፣ በተለይም ከሰዓት በኋላ ነው። መሰላል ይዞ ሶሌታው ላይ መውጣት፣ የፍሳሽ ጉድጓዱን ክዳን ማስከፈት፣ ምጣዱንና ማሞቂያውን አንድ ላይ አብርቶ ቆጣሪውን ማየት ያስፈልጋል። ለመሐንዲስ የሚከፈለው የአንድ ቀን ዋጋ ከደላላው ድርሻ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም፤ ይሁንና ለደላላው ሳያቅማማ የሚከፍለው ነጋዴ ለመሐንዲሱ ሲሆን ይከራከራል።

አፍርሶ ለመሥራት የወሰነም ቢሆን ፍርስራሹን ለተቋራጩ በነጻ ባይለቅ ይበጀዋል። የዚያ ዘመን ጥርብ ድንጋይ በገልባጭ መኪና ይሸጣል፤ የዝግባ በርና የፓርኬ ጣውላም ፈላጊ አላቸው። የሚገዟቸውም ከዚያው ከተማ ሁለት መንገድ አልፎ አዲስ ቤት የሚሠሩ፣ ደንበኛቸው ደግሞ "የድሮው ዓይነት ይሁንልኝ" ብሎ ያዘዛቸው ተቋራጮች ናቸው።